ሁለት ዓይነት ፍሬን

አናጢው በወጣትነቱ ሚስቱን ያማለላት በአንደበቱ ሳይሆን በሞተር ሳይክሉ ነው፤ እሷም ይህን አትክድም። አሁን ሞተሩ አርጅቶ መለዋወጫው ከገበያ ጠፍቷል። እሱ ግን ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ሥሩ ተጎልቶ ይውላል። ሚስቱ ሞተሩን «ጣውንቴ» እያለች ታሾፍበታለች። ሠርቶ ሲጨርስ እንደ ድሮው አፈናጥጦ እህቷ ዘንድ ሊወስዳት ቃል ገብቶላታል።

የቀረው የፊት ፍሬን ነበር። የፊት ጎማው ግራና ቀኝ ዲስክ አለው፤ እያንዳንዱን ዲስክ ነክሶ የሚይዝ ካሊፐርም አለው። የቀኙ በዝገት ተበልቶ ስላስቸገረው ከሌላ ሞተር የተፈታ አገኘ። ፍሬኑ ሲያዝ ዲስኩን የሚጫነው ፒስተኑ ግን ከግራው ይወፍር ነበር። አናጢው ግን ዕድሜ ልኩን የተለያየ እንጨት በቀለም አንድ ማስመሰል የለመደ ሰው ነውና፣ የብሎን ቀዳዳውን ሞርዶ ገጠመው፤ ሁለቱንም ጥቁር ቀብቶ መንታ አስመሰላቸው።

ጎረቤቱ የአውቶቡስ ሹፌር ይህን አይቶ ዝም አላለም።

«ወንድሜ፣ አንዱ ጠብቆ ሌላው ላልቶ ከያዘ መሪውን ይጠመዝዝብሃል። ጥንዱን ፈልግ።»

«ይይዛል አይደል? ለጊዜው ይሆናል፤ ደግሞ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» አለ አናጢው።

ብቻውን በሰፈሩ ዞር ዞር ብሎ ሲሞክር መሪው ወደ ቀኝ ሳብ አደረገው። እሱ ግን እርጅና ነው ብሎ የገዛ እጁን ወቀሰ።

እሁድ ጠዋት ሚስቱ ሻሿን አስራ፣ ወገቡን አቅፋ፣ እንደ ልጅ እየሳቀች፣ ወደ እህቷ ቤት ተያይዘው ወጡ። መታጠፊያው ላይ ውሻ ድንገት ገባባቸው። አናጢው ፍሬኑን ጨምቆ ያዘ፤ መሪው ከእጁ ተጠመዘዘና ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ተዘረሩ። እሱ ተላልጦ ተረፈ። የሚስቱ ክንድ ተሰበረ።

ከዚያ በኋላ ፀጉሯን የሚያበጥርላት፣ የሚያጎርሳት የእሱ እጅ ሆነ። አንድ ቀን ማበጠሪያውን እንደያዘ እንባው መጣ።

«ምነው አንቺስ ስትወጪ ስለ ፍሬኑ ብትጠይቂኝ?» አላት።

«የገጠምከው አንተ ነህ» አለች ሚስቱ፣ በደህናው እጇ ጉልበቱን ይዛ። «ምን ብዬ ልጠይቅህ?»

ብትቆጣው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። በማግስቱ ሁለቱንም ካሊፐር ፈታ። ጥንዱ እስኪገኝ ሞተሩን እንደማያስነሳ ነገራት፤ ሹፌሩንም ሄዶ ይቅርታ ጠየቀው።

ወገኖቼ፣ «ለጊዜው ይሆናል» ብለን የምንገጥመው ነገር ብዙ ነው። በእኛ ተማምኖ፣ ምንም ሳይጠይቅ የሚፈናጠጥ ሰው ግን አለ፤ እጃችን ከመሥራቱ በፊት እሱን እናስበው።