መታጠቢያ ቤት ያለው ክፍል

ሮሚ የመልበሻ ክፍሉን በር ስትከፍት ሳቁ ቀጥ አለ። አንዷ ጫማዋን ለማሰር ጎንበስ፣ ሌላዋ ስልኳ ላይ ድፍት አለች። ጓደኛዋ ፊዮሪ ብቻ ቀና ብላ አየቻትና ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?»

«ናቲንግ» አለች የቡድኑ በረኛ እልልታ፣ ከንፈሯን ነክሳ።

ሮሚ አላመነቻትም። ቅዳሜ ለእግር ኳስ ውድድር ኤድመንተን ከተማ ሄደው ሆቴል ሊያድሩ ነው፤ አንድ ክፍልና አንድ መታጠቢያ ቤት ለአራት። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ ፊዮሪ ከአሰልጣኛቸው ከእትዬ ቆንጅት ጋር ትንሾካሾካለች፤ ሮሚ ስትጠጋ ዝም ይላሉ።

ሮሚ ስትወለድ የሰገራ መውጫዋ በወጉ አልተፈጠረም ነበር። ሐኪሞች በጨቅላነቷ ቀዶ ጥገና አድርገው አስተካከሉላት፤ ግን ሁሉም ነገር እንደ ሌላው ሰው አልሆነላትም። ሰው «መጣብኝ» ብሎ የሚሮጥበት ስሜት ለእሷ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ስለዚህ ማታ ማታ መጸዳጃ ቤት ቁጭ ብላ በቀጭን ቱቦ አንጀቷን በውሃ ታጥባለች። ያን ካደረገች ቀኑን ያለ ስጋት ትሮጣለች፣ ትጫወታለች። ከቤተሰቧ ውጭ ይህን የምታውቀው ፊዮሪ ብቻ ናት።

ታዲያ ከእሷ ሌላ ማን ሊያወራ ይችላል?

ከልምምድ በኋላ ወደ ሰፈራቸው ወደ ፓይንሪጅ ሲመለሱ ሮሚ መንገድ ላይ ቆመች። «ነገርሻቸው አይደል?»

«ምኑን?»

«አታሞኚኝ! ስገባ ለምን ዝም አላችሁ?»

ፊዮሪ የቦርሳዋን ማንገቻ ጎተተች። «አንቺን ማንም አላነሳም፣ አይ ስዌር። የሚስቁት በእኔ ነው።»

«በአንቺ? ለምን?»

«እትዬ ቆንጅትን ‹ሆዴን ያመኛል፤ ለእኔና ለሮሚ ብቻ የራሱ ባዝሩም ያለው ሩም ይስጡን› አልኳቸው። እልልታ ሰማችኝ። አሁን ስሜ ‹ቶይሌት ክዊን› ሆኗል።»

ሮሚ አሁንም በጎሪጥ ታያታለች። «እውነት ከሆነ ለምን ደበቅሽኝ?»

«ብነግርሽ ላይክ... ጭራሽ አልሄድም ትያለሽ።»

ሮሚ ለእናቷ «አሞኛል» ብላ ልትቀር ከወሰነች ሰንብታለች፤ ለማንም ግን አልተነፈሰችም። ፊዮሪ ይህን ከምን አወቀችው? 

በማግስቱ መልበሻ ክፍል ውስጥ እልልታ ገና ፊዮሪን ስታይ፣ «ቶይሌት ክዊን! ለኤድመንተን ዳይፐር ፓክ አደረግሽ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ፊዮሪም አብራ ሳቀች፤ አንገቷ ግን እስከ ጆሮዋ ቀልቷል።

ሮሚ ዝም ብትል ማንም አይጠረጥራትም። እንዲያውም አብራ ብትስቅ ይበልጥ ትደበቃለች። በሩን አየችው፤ ክፍት ነው።

«ያን ሩም የምፈልገው እኔ ነኝ» አለች።

ሳቁ ተቆረጠ። «ለምን?» አለች እልልታ።

ምን ያህሉን እንደምትናገር ገና አላሰበችበትም። ሄዳ ፊዮሪ አጠገብ ተቀመጠች።

«ልጅ ሆኜ ኦፕሬሽን ተደርጌያለሁ። ማታ ረጅም ሰዓት ባዝሩም ያስፈልገኛል። የቀረው የእኔ ጉዳይ ነው።»

 ሮሚ የጫማዋን ክር አጠበቀችና ለልምምድ ቀድማ ወጣች።