የፊተኛው ቦታ

እስከዚያ እሁድ ጠዋት ድረስ የቡድኑ አሰላለፍ ይህ ነበር፤ የውሃውን ጎማ አፍ የምትይዘው ብሪዮኒ፣ ፓምፑ ላይ ሁለቱ መንትዮች፣ ሬዲዮው ላይ ሊየን። በዚያች የአውስትራሊያ ገጠር የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎች ዘንድ የፊተኛው ቦታ፣ ማለትም የጎማው አፍ፣ የብሪዮኒ ቤተሰብ ነው። አያቷ ይዘውታል፣ አባቷ ይዞታል። እሷም አሥራ አራት ሲሞላት ማንም ሳይጠይቃት ተረከበችው።

የታዳጊ እሳት አጥፊዎች ውድድር የፊታችን ቅዳሜ ነው። አለቃው አጎቷ ዴስ ልምምዱን ለማስጀመር እጁን አወረደ፤ መንትዮቹ ውሃውን ለቀቁት። ጎማው ሲወጠር ብሪዮኒ ተንገዳገደች። ውሃው የቆርቆሮውን ዒላማ ስቶ አጥሩን አጠበው።

«አጥሩ ከእሳት ድኗል» አለች ሊየን በሬዲዮ። «ላሞቹ ይቀሩሻል።»

«አንቺ መጀመሪያ ‹ውሃ ዝጉ› ማለቱን አትርሺ» አለቻት ብሪዮኒ።

እውነትም ሊየን ረስታው ነበር። ሊየን ሬዲዮው ላይ ሆና ዓይኗ ሁልጊዜ ጎማው ላይ ነው።

እረፍት ላይ የእሳት አደጋ መኪናው ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። ሊየን ቋሊማዋን በዳቦ ጠቅልላ እየገመጠች ነው።

«አንቺን ግን ምኑ ነው እንዲህ ደስ የሚልሽ?» አለቻት ብሪዮኒ። «ጭቃ ነው፣ ላብ ነው።»

«ድሮ የነበርንበት ከተማ ጎርፍ ሲገባ ጣራ ላይ ወጥተን ነበር። በበጎ ፈቃድ በጀልባ የደረሰችልን ሴትዮ ፀጉር ሠሪ ነበረች፤ ከዚያ በፊት አታውቀንም። እኔም አንድ ቀን ለሰው መድረስ እፈልጋለሁ። አንቺስ?»

«እኔማ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

መልስ እንዳልሆነ ለራሷም ታወቃት። ደስ የሚላት ሌላ ነገር ነበር። ባለፈው በጋ የሣር እሳት ሲነሣ ጣቢያው ውስጥ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጣ፣ እያንዳንዱ መኪና የት እንደደረሰ ካርታው ላይ ስትከታተል ውላለች። ትልልቆቹ ሲጯጯሁ በሬዲዮው የምታስተላልፍበት የሷ ድምፅ አልተረበሸም። ያን ቀን ወደ ቤት ስትመለስ እያፏጨች ነበር።

ተነሥታ ወደ አጎቷ ሄደች።

«አጎቴ፣ ጎማውን ሊየን ትያዝ። እኔ ሬዲዮው ላይ ልሁን።»

ዴስ ባርኔጣውን አወለቀ። «ውድድሩ እኮ ቅዳሜ ነው። ደግሞ ያንን ቦታ ከኛ ቤት ውጪ ማንም ይዞት አያውቅም።»

«አውቃለሁ። ግን ሰው የሚጠቅመው በሚወደው ቦታ ሲቆም ነው፤ እኔ እዚያ ቆሜ አንድም ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

«አባትሽን ምን ልበለው?»

«ምንም አትበለው። ዛሬ እራት ላይ እኔው እነግረዋለሁ።»

ዴስ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከዚያ የራሱን ሬዲዮ ከወገቡ ፈትቶ ሰጣት።

ቅዳሜ ዕለት ሊየን ጎማው ላይ፣ ብሪዮኒ ሬዲዮው ላይ ሆነው ከአሥራ አንድ ቡድኖች አራተኛ ወጡ።