ከኒባራን እጅ የወደቀው ብዕር

ኒባራን ሳርኬል የሞቱት ቀትር ላይ፣ ኮልካታ በሚገኘው የብዕር መጠገኛ ሱቃቸው ውስጥ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተደፍተዋል። በስተቀኛቸው መርዝ መርዝ የሚሸት ባዶ የሸክላ ሻይ ስኒ፣ በስተግራቸው ደብዳቤ አለ። «ምራቴ ኑሮዬን አመረረችው። ሞቴን ከእሷ ፈልጉ» ይላል። እኛ አገር እንዲህ ያለ ወረቀት ለማሳሰር ይበቃል። ቀደም ሲል የሞተው ልጃቸው ያገባት አፓራጂታ በሁለት ፖሊሶች መሀል ቆማለች።

ኢንስፔክተር ሻሽዋቲ ጉሃ ስትገባ የሽማግሌው የወንድም ልጅ ቱብሉ ይጮሃል።

«ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሯት እንጂ! አጎቴን በላችው!»

«ሱቁ ላንተ ቢሆን ምን ታደርግበት ነበር?» አለችው ሻሽዋቲ።

«ሞባይል እሸጥበታለኋ! በዚህ ዘመን ቀለም የሚጠጣ ብዕር ማን ይገዛል?»

«አፈር ብላ!» አለው ሃሪፓዳ። ሠላሳ ዓመት ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ ብዕር የጠገነ ሰው ነው።

ሻሽዋቲ ወደ እሱ ዞረች። «ያገኟቸው እርስዎ ነዎት?»

«በመስኮት አየኋቸው። ጽፈው ጨረሱ፣ ሻዩን ጨለጡ፣ ብዕሩ ከእጃቸው ወደቀና ተደፉ። ሮጬ ስገባ አልቀዋል። ፖሊስ እስኪመጣ በሩ ላይ ቆሜ ዝንብ አላስገባሁም።»

«ምንም አልነኩም?»

«በልጆቼ እምላለሁ፣ ምንም!»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«ገበያ» አለች አፓራጂታ። «ጠዋት እንኳ አባባ ከሰኞ ጀምሮ ጠረጴዛው ያንቺ ነው፣ በእኔ ቦታ ትሠሪያለሽ ብለውኝ ነበር። ሃሪፓዳ ካካም ሰምተዋል።» ካካ የምትለው አጎቴ ለማለት ነው።

ሃሪፓዳ ፊቱን አዞረ። «ብዕር ከያዘች ሁለት ዓመት አልሞላትም» አለ።

«እሱንም የመረጡልኝ አባባ ናቸው» አለች፤ እንባዋ መጣ። «አንድ ሳምንት ሙሉ አጻጻፌን አዩ። እጅሽ ይጫናል፣ ቀጭን ጫፍ ወረቀቱን ይቧጥጥብሻል፣ ወፈር ያለ ያዢ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የአስቤዛ ዝርዝር እንኳ በእሱ ነው የምጽፈው።»

ሻሽዋቲ ደብዳቤው ላይ የተቀመጠውን የሽማግሌውን ብዕር አነሳች። ክዳኑ ተገጥሟል። ክዳኑን ከፍታ ወረቀት ላይ ሞከረችው፤ አልጻፈም። ቀለም የሚሞላበትን ሆዱን ስትፈታው ንጹሕ ውሃ መዳፏ ላይ ጠብ አለ።

«እኚህ ሰው በምን ቀለም ነበር የሚጽፉት?»

«በድሮው ቀለም ነዋ» አለች አፓራጂታ። «ደብዳቤው የተጻፈበት ነው። ብዕር ውስጥ ካደረ ብረቱን ይበላል። አባባ ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ ያጥቡታል።»

ሻሽዋቲ ሁሉንም አስቀመጠች። ከመደርደሪያ ሌላ ብዕር አውርዳ ለቱብሉ ሰጠችው። «ስምህን ጻፍ።»

ቱብሉ ጫፉን ገልብጦ ወረቀቱን ቀደደው። ሃሪፓዳ በንዴት ጥርሱን ነከሰ።

«አሁን ስሙኝ» አለች። «ብዕሩ ከሽማግሌው እጅ ወደቀ ተብሏል። ከዚያ ወዲያ ማንም አልገባም፣ ማንም አልነካም። እኔ ያገኘሁት ግን ታጥቦ፣ ክዳኑ ተገጥሞ ነው። ሬሳ ተነስቶ ብዕር አጠበ እንበል?»

ብዕሩን አንስታ አሳየቻቸውና ቀጠለች።

«ያጠበው ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ነው። ቱብሉ እንኳን ሊያጥብ መያዝም አያውቅበትም። አፓራጂታም ራሷን የሚያሳስር ወረቀት አትጽፍም። የሰው እጅ ጽሑፍ አስመስሎ መጻፍ የሚችልስ ማነው?»

«የተጠገነ ብዕር የሚሞከረው በባለቤቱ አጻጻፍ ነው» አለች አፓራጂታ ቀስ ብላ። «ካካ የማንንም ይጽፋሉ።»

«ሻዩን ማን አመጣ፣ ሃሪፓዳ?» አንቱታው ቀረ። «የሌለ ነገር አይቻለሁ ብለህ በገዛ አፍህ ታሰርክ።»

«ሠላሳ ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ዓመት ጀርባዬ እስኪጎብጥ! ጠረጴዛዬን ለዚች?»

«ሰውዬውን ገደልክ። ብዕሩን ለምን አጠብከው?»

«ብዕሩ ምን አጠፋ?» አለ ሃሪፓዳ፤ ከልቡ ነበር።

እጁን በካቴና አሰሩት። አፓራጂታን ለቀቋትና ቃሏን እንድትፈርም እስክሪብቶ ሰጧት። አልተቀበለችም። አማቷ የመረጡላትን ብዕር አውጥታ ፈረመች፤ ከዚያ ክፍቱን ሃሪፓዳ ፊት አስቀመጠችው።

ሃሪፓዳ አላስችል አለው። «ክዳኑን ግጠሚለት፣ አንቺ ልጅ! ይደርቃል እኮ!»

«ይድረቅ» አለችው። «ነገ አጥበዋለሁ። እኔ ነገ እዚህ ነኝ።»