ሳያነብ የላከው ትዕዛዝ

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «ዘበኛው» ነበር የሚለው። ዱላ ይዞ በር ላይ ስለቆመ አይደለም። ወደ ክላስተሩ የሚላክ ሥራ በሙሉ በእሱ እጅ ስለሚያልፍ ነው።

ክላስተር የሚሉት ሩቅ ቦታ ሆነው እንደ አንድ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮችን ነው። ከየጣቢያው የሚመጣው የዝናብ ልኬት እዚያ ይከማቻል። አንድ ኮምፒውተር ወር የሚፈጅበትን ስሌት እነሱ ተካፍለው ምሳ ሳይደርስ ይጨርሱታል። ትዕዛዙ ጥቁር ስክሪን ላይ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ከዚህ አንብብ፣ ይሄን አስላ፣ እዚያ ጻፍ ተብሎ። ኢንተር የሚባለው ቁልፍ ከተጫነ ግን ከአፍ የወጣ ቃል ማለት ነው፤ አይመለስም።

ስለዚህ ደንብ ወጣ። ማንም የጻፈውን ትዕዛዝ ራሱ አይልክም። ዘበኛው መስመር በመስመር አንብቦ፣ በራሱ ስም ይልከዋል።

አንዲት አዲስ የተቀጠረች ልጅ ገና የሙከራ ጊዜዋ ላይ ነበረች። የመጀመሪያ ትዕዛዟን ሰባት ጊዜ መለሰባት።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?» አለችው በሰባተኛው።

«ፈተናማ ቢሆን አስኮርጄ አሳልፍሽ ነበር» አላት፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ። «እዚች ጋ ሰረዝ ቀርታለች።»

«ለአንዲት ሰረዝ ነው ይሄ ሁሉ?»

«አንዲት ሰረዝ ሦስት መቶ ኮምፒውተር ታሳብዳለች።»

ሳቀች። ያኔ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ቶሎ ወደ ሥራው አልተመለሰም።

ከዚያ ወዲያ፣ ሥራው ተልኮ ውጤቱ እስኪመጣ ያለችው ሃያ ደቂቃ የሁለቱ ሆነች። ስክሪኑ አስር በመቶ፣ ሠላሳ በመቶ እያለ ይቆጥራል፤ እነሱ ያወራሉ። ስለ አባቷ ሕመም ነገረችው። አባቷ አልጋ ከያዙ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ቤቱ የሚተዳደረው በእሷ ደመወዝ ነው። እሱ ስለ እናቱ፣ ብቻዋን እንዴት እንዳሳደገችው ነገራት። አንዳንዴ ሥራው ፈጥኖ ሲያልቅ «ምን አለበት ዛሬ ወረፋ ቢበዛ?» ትላለች። እሱ ፈገግ ይላል፤ ጆሮው ይቀላል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት አዲስ ትዕዛዝ ይዛ መጣች።

«ለእናቴ ነገርኳት» አላት ገና ሳትቀመጥ።

«ምን ብለህ?»

«ትዕዛዟ ስህተት የማያጣው አንዲት ልጅ አለች ብዬ።»

«ውይ! ሰው እንዲህ አድርጎ ያስተዋውቃል?»

«እሁድ ይዘሃት ና አለችኝ። ትመጫለሽ?»

ጣቱ ኢንተር ላይ ነው። ዓይኑ ግን እሷ ላይ ነው።

«እመጣለሁ» አለችው።

ተጫነው። በአራት ዓመት ሥራው አንዲት መስመር እንኳ ሳያነብ የላከው ይሄንን ብቻ ነው።

ልጅቷ በችኮላ፣ አንብብ ያለችበትንና ጻፍ ያለችበትን ቦታ አንድ አድርጋዋለች። ከጎኑ ደግሞ «ያለውን አጥፍተህ» የሚል አለበት። ማሽን የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ አጠፋ። ከዚያ ሊያነብ ቢሄድ ምንም የለም። እነሱ እሁድ ምን እንደምትለብስ ሲጫወቱ፣ ስክሪኑ በቀይ ጽሑፍ ተሞላ።

መጠባበቂያ ቅጂ ነበረ። ግን የተወሰደው ከአስራ አንድ ወር በፊት ነው። የአስራ አንድ ወር ዝናብ፣ በየጣቢያው ሰው በየጠዋቱ ተነስቶ የለካው፣ እንደሌለ ሆነ።

ከሰዓት አለቃቸው ሁሉንም ሰበሰበች። ቆፍጣና ሴት ናት፤ ክፉ ግን አይደለችም።

«ማነው የላከው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘበኛው። «ስሜ አለበት።»

«የጻፈውስ?»

እሱ ስሟን አላነሳም።

«የጻፈ ሰው ካለ አሁን ይናገር» አለች አለቃዋ። «ሰው ይሳሳታል። መደበቅ ነው የማልወደው።»

ዘበኛው ልጅቷን አያት። አልለመናት፣ አልተቆጣት፤ ብቻ አያት። እሷ የአባቷን አልጋ አሰበች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አስራ ሁለት ቀን ብቻ መቅረቱን አሰበች። በልቧ «ጌታዬ ሆይ፣ አፌን ክፈተው» አለች። አፍ መክፈት ግን የራሷ ፋንታ ነበር። አንገቷን ደፍታ ጥፍሮቿን ታይ ጀመር።

«ማንም የለም? እንግዲያው ያንተ ነው» አለች አለቃዋ። በማግስቱ መታወቂያውን አስረከበ።

እሁድ ልጅቷ ሄደች። እንዴት ብላ እንደደፈረች እግዜር ነው የሚያውቅ። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ! ከመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አንቺ ብቻ ጠየቅሽን። ይባርክሽ።» አስቀመጧት፤ እጇን ይዘው አልለቀቁም። «ልጄ ሲሳሳት አያውቅም። የሰው እጅ አለበት። እሱ አይነግረኝም እንጂ፣ ያን ሰው ለፈጣሪ ሰጥቼዋለሁ።»

ዘበኛው መስኮቱ ጋ ቆሞ ውጭ ውጭውን ያያል።

ሊሸኛት ሲወጣ መንገድ ላይ ቆመች።

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ለአለቃችንም አልነገርኩም።»

«ልታድነኝ ብለህ ነው። ውለታህን በምን...»

«ላድንሽ ብዬ አይደለም» አላት። «ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ጥፋቱ የኔም ነው፣ አላነበብኩም። ቢያባርሩንም አብረን ሥራ እንፈልግ ነበር። እየሳቅን።»

«ፈራሁ።»

«ገብቶኛል። ሰው ይፈራል። ግን ከእንግዲህ አንቺ ጋ ዘበኛ ነው የምሆነው። የምትናገሪውን ሁሉ መስመር በመስመር የማነብ። እንዲህ ተሁኖ ትዳር ይኖራል?»

ታክሲ አስቁሞላት በሩን ዘጋላት።

ሰኞ ጠዋት ልጅቷ አለቃዋ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። አለቃዋ መነጽሯን አወለቀች።

«ሐሙስ ብትናገሪ ለሁለታችሁም ማስጠንቀቂያ ጽፌ አልፈው ነበር። ለምን የጠየቅኩ መሰለሽ?»

ስልክ አንስታ ዘበኛውን ጠራችው። ይቅርታ ጠየቀችው፤ ተመለስ አለችው። ልጅቷ ከዚህኛው በኩል የምትሰማው የአለቃዋን መልስ ብቻ ነበር፤ «እሺ... እሺ... እንደፈለግክ።»

«አይመለስም፤ ሌላ ከተማ ያለ ወዳጁ ሥራ አግኝቶለታል» አለች አለቃዋ ስልኩን አስቀምጣ። «አንቺ ያጠፋሽውን ትመልሻለሽ። ከዚያ ስለ ሙከራ ጊዜሽ እንነጋገራለን።»

የየጣቢያው ለኪዎች ልኬቱን ቀድመው በደብተር ይይዛሉ። ልጅቷ በየጣቢያው እየደወለች ከየደብተሩ አስነበበች። አንዱ ደብተሩ ውሃ ገብቶበታል፣ አንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ አንዷ «ልጄ፣ አሁን እህል ላስፈጭ ነው፣ ነገ ደውዪ» ትላታለች። ቀን በቀን፣ ጣቢያ በጣቢያ፣ ሰባት ወር ፈጀባት።

ያለቀ ቀን ደወለችለት።

«ዝናቡን መለስኩት» አለችው።

«ሁሉንም?»

«ከሦስት ጣቢያ በቀር። የእነሱ ደብተር የለም።»

«ሦስት ብቻ ነው የጎደለው? በርትተሻል።» ድምፁ ውስጥ ቂም የለም። እሷ የፈለገችው ግን ትንሽ ቂም ነበር። «አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ... እናትህስ?»

«ደህና ናት። ስለደወልሽ እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

እህቴ አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆየች። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። የተሰዳደበ ሰው ይታረቃል።