የሃምሳ አለቃው ፈንጂ

ከሣሩ ውስጥ የሚታየው የሃምሳ አለቃው ጫማ ብቻ ነበር። ሶሉ ወደ ሰው ዞሯል፤ ሞቶም መንደሩን የሚረግጥ ይመስላል። ቁራዎቹ ከጫማው በላይ ባለው ላይ ተጠምደዋል። መንደርተኛው ከእሾህ አጥሩ ወዲህ ቆሞ «እሽ! እሽ!» ይላል እንጂ ድንጋይ የሚወረውር የለም። ድንጋዩ ፈንጂውን ቢያገኘውስ? ቁራ ደግሞ በአፍ ብቻ እንደማይባረር የገባው ከጠዋቱ ጀምሮ ነው።

መርማሪዋ ስትደርስ ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ጨርሶ ጠበቃት። የሟች ሚስት እጇን በገመድ ተጠፍራ ደጇ ላይ ተቀምጣለች።

«ይቺው ናት፣ ኢንስፔክተር። መርዝ አብልታው፣ ሲያዞረው ሳያውቅ ፈንጂ ያለበት መሬት ውስጥ ገብቶ ወደቀ። ማታ ሲደበድባት ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል፤ ቂሙን ከዚያ ይቁጠሩት። አሁኑኑ ይዘዋት ካልሄዱ ዘመዶቹ እዚሁ ይጨርሷታል።»

«ጎረቤት ሁሉ ሰምቶ ምን አደረገ?»

«በባልና ሚስት መሀል ማን ይገባል?»

ጣቢያ ያሉ ባልደረቦቿ «ዝንቧ» ይሏታል። ሬሳ ካለበት አትጠፋም፣ እሽ ሲሏትም ዞራ እዚያው ናት። ስሙን ያወጣላት ሰው አሁን እስር ቤት ነው።

ሬሳው የወደቀበት መሬት የሟች ታናሽ ወንድም ድርሻ ነበር። አባታቸው እኩል አካፍሏቸው ሞተ። ሃምሳ አለቃው ከጦርነት ሲመለስ የወንድሙን ድርሻ ዞሮ አየና «እዚህ ፈንጂ ተቀብሯል፤ የገባ አይወጣም» አለ። ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ካለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? በእሾህ አጠረው። ከዚያ ወዲህ ታናሽየው የታላቁን መሬት እየቆፈረ ከታላቁ የተረፈውን ይበላል። በክፉው ዓመት ልጁ በረሃብ ስትሞት እንኳ አጥሩን አላለፈም።

ዝንቧ አጥሩን ዞረችው። በስተኋላ፣ ቁጥቋጦው ጋ፣ እሾሁ ሰው የሚያሾልክ ያህል ተከፍቷል። ውስጡ ሣሩ ተረግጦ ቀጭን መንገድ ሠርቷል። ደግሞ ዝንቦቹ አሉ። ሬሳው ላይ መስፈራቸው ወግ ነው፤ ግን ቁጥቋጦው ሥር እዚህም እዚያም ክምር ክምር ብለዋል። ዝንብ ምን ላይ እንደምትሰፍር ዝንቧ አይጠፋትም። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ገባች።

«ወይኔ! አበቃላት!» አለ ሊቀመንበሩ፣ እየሸሸ።

ሃምሳ አለቃው በደረቱ ተደፍቷል። ቀበቶው ተፈትቷል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ነው። የኋላ ጭንቅላቱ በዶማ ጀርባ ስፋት ተፈርክሷል። የመጎተት ምልክት የለም። እጁን አየች፣ መሬቱን አየች፣ በገባችበት ወጣች።

«ፈንጂውን አየሁት፤ የብረቱ ጫፍ ሬሳው አጠገብ ብቅ ብሏል። ማንም እንዳይጠጋ!» አለች። ዓይኗን ሳታርገበግብ ነው የዋሸችው።

መጀመሪያ ሚስቲቱ ጋ ሄደች።

«መታኝ፣ አዎ። መቼ ሳይመታኝ ያውቃል? የምገድለው ብሆን እህቴ፣ እስከ ዛሬ ምን አስጠበቀኝ?»

«ጠዋት የት ሄደ?»

«ገና ሳይነጋጋ ይወጣል። ሽንት ቤት አይወድም፤ የወታደር ልማድ ነው ይላል። የት እንደሚሄድ የጠየቀው ጥርሱ ይወልቃል።» አፏን ከፈት አድርጋ አሳየቻት። አንዴ ጠይቃ ነበር።

ቀጥሎ የሟች የጦር ጓድ ነው፤ በመንደሩ «ክራንቹ» ይባላል።

«ይጠሉት ነበር፣ ጋሼ?»

«አብሮት ዘምቶ የማይጠላው አለ? ከፊት እየሄደ ፈንጂ የሚፈልገው እሱ ነበር። ‹የለም፣ እለፍ› አለኝ። አለፍኩ።» ጉማጅ እግሩን መታ መታ አደረገው። «ሜዳሊያውን ለሱ፣ ክራንቹን ለኔ ሰጡን።»

«ታዲያ ገብተው ቢገድሉትስ?»

«የቀረኝ አንድ እግር ነው፣ ልጄ። ለዚህ ውሻ ብዬ አልከስረውም።»

ታናሽየው ዶማውን አጠገቡ አጋድሞ ያለቅሳል፤ እንባ ግን የለውም።

«እንዲህ ይሙት ወንድሜ? ስንት ጦርነት ያለፈ ሰው፣ ቀበቶውን እንኳ ሳይታጠቅ! ውርደት ነው፣ እመቤቴ!»

«ውርደት ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ዓይኗ ዶማው ላይ ነው። ትናንት ዘንቧል፤ የመንደሩ ዶማ ሁሉ ጭቃ ለብሷል። የሱ ግን እንደ ማንኪያ ታጥቧል።

ሁሉንም አጥሩ ጋ ሰበሰበቻቸው፤ ሚስቲቱም ከነገመዷ መጣች።

«ገዳዩን ልነግራችሁ ነው» አለች። ጎንበስ ብላ አስቀድማ ያዘጋጀችውን ትልቅ ድንጋይ አነሳችና፣ «ፈንጂው ላይ ነው፣ ተኙ!» ብላ ሬሳው አጠገብ ወረወረችው።

መንደሩ እንዳለ መሬት ላይ ተነጠፈ። ክራንቹ ክራንቹን ጥሎ በግንባሩ ተደፋ። ሊቀመንበሩ የታሰረችውን ሴት ጎትቶ ከሥሯ ገባ። ድንጋዩ ዱብ አለ። ቁራዎቹ ተነሱ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ቆሞ የቀረው ታናሽየው ብቻ ነበር። እሱም ሰው ሁሉ መሬት ላይ መሆኑን ሲያይ መተኛት ትዝ አለው።

«ተው፣ አትልፋ። መሽቶብሃል» አለችው። ጋሼነቱ እዚያ ላይ አለቀ። «ሃምሳ አለቃው ራሱ በእግሩ ገባ፤ የተጎተተ ነገር የለም። ሱሪውን ፈትቶ ነበር፤ ፈንጂ የሚፈራ ሰው ፈንጂ ላይ ተቀምጦ አይጸዳዳም። ቁጥቋጦው ሥር ያለው ደግሞ የአንድ ቀን አይደለም። እሱ ፈንጂ እንደሌለ ያውቃል ማለት ነው። ከኋላው ተጠግቶ የመታውም ያውቃል።»

«ደንግጬ ነው የቆምኩት!»

«ይሁን። ቀበቶውንስ? ከዚህ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ‹ሳይታጠቅ ሞተ› ያልከኝ ከማን ሰምተህ ነው? ከኔ በቀር የገባ የለም። ዶማህንስ ዛሬ ለማን ሰርግ አጠብከው?»

ታናሽየው ዶማውን አየው። ከዚያ መሬቱን።

«በሬ ጠፍቶኝ በማለዳ ስፈልግ አየሁት» አለ። «ተቀምጦ ያፏጫል። መጀመሪያ ለሱ ደነገጥኩ፤ ‹ጋሼ ይፈነዳብሃል!› ልለው ነበር። እሱ ግን ተነሳ፣ ሱሪውን ታጠቀ፣ ሄደ። ሳምንት ሙሉ እየተደበቅኩ አየሁት። ልጄን የቀበርኩት እህል አጥቼ ነው፣ እመቤቴ። እኔ ስለምፈራ ያላረስኩት መሬት ላይ እሱ ይጸዳዳበት ነበር።»

ክራንቹ ከመሬት ሳይነሳ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ደስ አይልም።

«እኔን ‹የለም፣ እለፍ› ብሎ እግሬን። ይሄን ደግሞ ‹አለ፣ አትለፍ› ብሎ ልጁን።»

ዝንቧ የሚስቲቱን ገመድ ፈታችና በዚያው ገመድ ታናሽየውን አሰረችው። ሚስቲቱ አላመሰገነችም፤ የተላጠ እጇን እያሸች ወደ ቁራዎቹ ሄደች። ድንጋይ አነሳች። የወረወረችው ግን ቁራ አልመታም፤ የጫማው ሶል ላይ ጧ አለ። ሌላ አነሳች።

ታናሽየው መኪናው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«አንድ ነገር ልለምንሽ፣ እመቤቴ። አንዴ ብቻ ልቆፍረው። አንድ ዶማ።»

ዝንቧ ዶማውን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛዋለች።

«ዶማው ኤግዚቢት ነው» አለችና በሩን ዘጋችበት።

በመስኮቱ ሲያይ ሊቀመንበሩ አጥሩን አልፏል። መሬቱን ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ እየለካ ነበር።