ከዳሱ ጀርባ ግጥም የሚሰጠው

ትርንጎ ያን ቀን ጠዋት ያው እንደ ሁልጊዜዋ የመሰንቆውን ጭራ በሙጫ አሸት አሸት አደረገችና አባቷ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ቃኘች። ዛሬ ግን ሰርጉ ላይ የምትዘፍነው ብቻዋን ነው፣ ብቻዋን እኮ! አባቷ አዝማሪ ዳኘው ከታመመ ወር አልፎታል፤ ያ አገር የሚያውቀው ድምፁ ጥፍት ብሎ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

«ግጥም ሰጥቶ ተቀበይ ያለሽን ሁሉ ተቀበዪው፣» አላት። «መምረጥ የለም። እኛ ቤት እንቢ ተብሎ አያውቅም።»

«እሺ አባዬ! አንተ ብቻ ዳንልኝ።»

ዳሱ ጢም ብሏል፤ ጭብጨባው፣ የጠላው ሽታ፣ የእርጥብ ቅጠሉ ሽታ! ጭፈራው ሲጦፍ ከጀርባዋ አንድ ደረቅ፣ ቀስ ያለ ድምፅ «ተቀበይ» አላት። ተቀበለች።

«የሙሽሪት እናት ቆማ ስትጨፍር፣
ዶቃዋ ተበጥሶ ተዘራ ባፈር።»

እልልታው ሳያልቅ የሴትዮዋ ዶቃ ጠሽ ብሎ ተበጠሰና መሬቱ ላይ ተበተነ። ሰው በሳቅ ሞተ፣ ትርንጎም ሳቀች። ግን እኮ ግጥም ሰጪ ፊት ለፊት መጥቶ ነው የሚሰጠው። ዞር ብላ አየች፤ ከኋላዋ የዳሱ ቅጠል ብቻ፣ ከቅጠሉ መሀል ደግሞ አሁን የተቆፈረ የሚመስል የአፈር ሽታ።

«ይህን ከራስሽ ነው ያወጣሽው?» አላት ሚዜው። «ጉደኛ ነሽ!»

«ሰጡኝ እኮ!»

«ማን? እኛ ማንንም አልሰማንም።»

ድምፁ አሁን ጆሮዋ ስር ነበር፤ እስትንፋስ የለውም፣ አንገቷን ግን አቀዘቀዘው። ተቀበይ።

«የሙሽራው በቅሎ ጌጧን እንደያዘች፣
ከግራሩ ጥላ ተንበርክካ ቀረች።»

ይህንንም ዘፈነችው። ውጭ አንድ ሰው ጮኸ። በቅሎዋ ግራሩ ስር እንደተንበረከከች ሞታለች፣ ዓይኗ ፈጥጧል፣ ዝንብ እንኳ ሊያርፍባት አልደፈረም። ዳሱ ውስጥ የሳቀ የለም።

ወዲያው ሦስተኛው መጣ፣ እንደ እሹሩሩ በለሆሳስ።

«የአዝማሪው የዳኘው አልጋው ቀዘቀዘ፣
ልጁ ስትዘፍን እሱ ተጓዘ።»

ተቀበይ።

ጥርሷን ነከሰች። እጇ መሰንቆውን መገዝገዙን አልተወም፣ ቃላቱ ምላሷ ላይ እንደ ትኩስ ፍም ተቀምጠዋል፣ ድምፁ ደግሞ ተቀበይ፣ ተቀበይ፣ ተቀበይ ይላል፤ ከንፈሯ እስኪደማ ድረስ አፏን ገጠመች።

«ምነው፣ ባትሪ ጨረስሽ እንዴ?» አለ ሚዜው። ማንም አላጀበውም።

መሰንቆውን ወርውራ ወጣች። በእርሻው መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ነጠላዋ እሾህ ላይ ቀርቶ ሮጠች። አባዬ፣ አባዬ፣ በቃ ሌላ ምንም አታስብም።

በሩን በርግዳ ስትገባ አባቷ አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ጉንጩ ቀልቷል። ድምፁ ቤቱን ሞላው፣ ያ የድሮ ድምፁ!

«ትርንጎዬ! ዳንኩልሽ!»

እግሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ ጉልበቱን ሳመች። አባቷም ፀጉሯን እየደባበሰ፣ «ከጓሮ በኩል አንድ ሰው ግጥም ሲሰጠኝ ዋለ፣» አላት። «እንዴት ያለ ግጥም መሰለሽ! አንድም ሳላስቀር ተቀበልኩት፣ በተቀበልኩ ቁጥር ጉሮሮዬ እየተከፈተ።»

እንባዋ ቆመ። «ስለ ማን ነው ግጥሙ?»

«ስላንቺ ነዋ፣ ልጄ።»