የዳኜ መስታወት

ይህ የሆነ ነገር ነው። እኔ ስነግራችሁ የሚስቅ ይኖራል፤ ይሳቅ።

በ1959 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ከዘመሮ ከተማ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ፀሐይ ፍጥጥ ብላ ሳለች...

የፊታውራሪ አባይነህ ጠመንጃ ተሰርቆ አገሬው አውጫጭኝ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሌባው ካልተጠቆመ ወደ ቤት መሄድ የለም። በስውር የሚጠቁመው ሰው «ወፍ» ይባላል። ወፍ ጠፋ።

ፊታውራሪ ከአዲስ አበባ ያስጫኑት ቴሌቪዥን አልበራ ብሎ፣ ሬዲዮ ሠሪው ዳኜ ተጠርቶ መጥቷል። ሌሊቱን ሜዳው ላይ ከጎኑ ያሳደረው ቅጣው የሚባል ገበሬ ነው። የልጆቹን ቆሎ ቀንሶ አብልቶታል።

ዳኜ ከቴሌቪዥኑ ሆድ የተቃጠለውን አምፖል አውጥቶ ሌላ ተካ።

ፊታውራሪ ጆሮው ሥር ጎንበስ አሉ።

«የዛሬው ወፍ ይህ ሳጥን ነው። ሲበራ ቅጣውን አየሁት ትላለህ።»

«እሱ ነው እንዴ የሰረቀው... ጌታዬ?»

«ርስቱን አልለቅም ብሎኛል።»

ሳጥኑን ሜዳ አውጥተው ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞሩት። መብራት የሚሰጠው ሞተር ተነሣ። ዳኜ ከጀርባ ሆኖ ያስተካክላል፤ ምስል የሚወጣበትን መስኮት የሚያየው ፊት ለፊት ባቆመው መስታወት ነው።

በራ።

ሕዝቡ ያየው ነጭ ብናኝ ብቻ ነው። እዚያ አገር የሚደርስ ጣቢያ የለም።

በመስታወቱ ውስጥ ግን ሰው አለ...

የፊታውራሪ ልጅ። ጠመንጃውን ሣር ክዳን ውስጥ ሲሸጉጥ።

ዳኜ ቀና ብሎ ሕዝቡን አየ። ቅጣው ከፊት ተቀምጦ በሳጥኑ ተገርሞ ፈገግ ብሏል።

«ማነው?» አሉ ፊታውራሪ።

እውነቱን ቢናገር ከዚያ ሜዳ በሕይወት አይወጣም። ፈራ።

«ቅጣው... ቅጣውን አየሁት።»

መቶ ጅራፍ ተፈረደበት። ስልሳ ላይ ቅጣው ዝም አለ።

«ጨርሱት» አሉ ፊታውራሪ።

አርባውን ሬሳው ተቀበለ።

ሰው ተበተነ። ሞተሩ ጠፋ። ዳኜ ገመዱን ነቅሎ መስታወቱን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ...

በመስታወቱ ውስጥ ሳጥኑ አሁንም በርቷል።

ቅጣው እዚያ ውስጥ ተቀምጧል። የያዘው የዳኜን መስታወት ነው።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ።

«ዳኜ... ዳኜን አየሁት» አለ ቅጣው።

ዳኜ ዞር አለ። ሜዳው ባዶ ነው።

ወደ መስታወቱ ሲመለስ ቅጣው ፈገግ ብሎ ጣቱን አጠፈ።

«አንድ።»

ጅራፍ ጮኸ፤ የዳኜ ሸሚዝ ከጀርባው ተተረተረ።